«ጡት ብቻ ነው የምትሰጪያት?»

ጅማ ሐሙስ ገበያ ስለሆነ የክትባት ክፍላችን ወረፋ አይጣል ነው፣ ገበያ የወጣው ሁሉ ልጁን አዝሎ ጎራ ይላል። አንድ ሐሙስ ለ45 ቀን ክትባት የመጣች ወጣት እናት ነበረች፣ የመጀመሪያ ልጇ ናት፣ እናቷም አብረዋት አሉ። ልጅቷን ሚዛን ላይ ሳስቀምጣት 3.4 ኪሎ፣ ካርዱ ላይ ስትወለድ 3.1። በዚህ እድሜ አንድ ኪሎ ገደማ መጨመር የነበረባት ልጅ እኮ ናት!

አብራኝ ያለችው ልምምድ ላይ ያለች ተማሪ «ጡት ብቻ ነው የምትሰጪያት?» አለቻት። «አዎ፣ ጡት ብቻ» ፈጠን ብላ። አያትየው ፊታቸውን አዞሩ። ደግሞ ማን «አይ» ይላል፣ ከጭንቅላቷ በላይ «እስከ 6 ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ» የሚል ፖስተር ተለጥፎ።

ከዚያ አዋላጇን ጠራኋት፣ ሁላችንም እማ ነው የምንላት፣ እሷ ስለ ጡት ምንም አላነሳችም። ልጅቷን ታቅፋ «የኔ ቆንጆ፣ ትናንት ጠዋት ከነቃችሁ ጀምሮ እስከ ዛሬ ጠዋት ይቺ ልጅ አፏ ውስጥ ምን ምን ገባ? ውሃም ይሁን አብሽም ይሁን ንገሪኝ፣ እኔ ቤት ያልተደረገ የለም» አለቻት። እናትየው ዝም አለች። አያትየው አላስቻላቸውም፣ «ሲስተርዬ፣ የዱቄት ወተቱ ጣሳ ቁምሳጥን ውስጥ ነው ያለው፣ እኔ ውሃ ነው እኮ የምታጠጫት ስላት ኋላ ቀር ነሽ ትለኛለች፣ ስልኩ ያዘዘውን ነው የምታደርገው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወለደች ወር ሲሞላት ጡቷ ለስለስ አለ፣ ያ መወጠሩ ቀረ፣ ጤነኛ ነገር ነው፣ ወተቱ ከልጁ ፍላጎት ጋር ሲስተካከል የሁሉም ይለሰልሳል። እሷ ግን አንድ የእናቶች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጠየቀች። ግማሹ «ወተትሽ ደርቋል፣ ቶሎ ፎርሙላ ግዢ» አላት፣ ግማሹ ደግሞ ጡጦ የምታስይዝ እናት እናት አይደለችም ብሎ ወረደባት። ምን ታድርግ፣ ፎርሙላውን ገዝታ ደበቀችው። ከዛ አንዷ በቮይስ «ከወፈረ ሆዷን ያደርቃታል፣ አቅጥኚው» አለቻት፣ የጣሳው ዋጋም ያው የታወቀ ነው፣ ጣሳው ላይ ለ30 ሚሊ ውሃ አንድ ማንኪያ የሚለውን እሷ ለ90 ታደርገዋለች። በዛ ላይ ጡጦ ስትጠጣ ጡት የምትጠባበት እየቀነሰ፣ የሚመረተውም አብሮ እየቀነሰ።

በጣም የሚያናድደኝ የቀጠነው ነው። የጨቅላ ኩላሊት ትርፍ ውሃ ቶሎ አያወጣም፣ ደም ውስጥ ያለው ሶዲየም የሚባለው ጨው ይቀጥናል፣ ሲብስ ልጁን እስከማንቀጥቀጥ ያደርሳል። ለዛም ነው ጅማ ብትሞቅም ከ6 ወር በታች ላለ ልጅ ውሃ የማንሰጠው፣ የጡት ወተቱ ራሱ አብዛኛው ውሃ ነው። የእኛዋ ደግነቱ ነቃ ብላ ትጠባ ነበር፣ ሐኪም ተመለከታት፣ ለምርመራም ወደ ሆስፒታል ተላከች፣ ሶዲየሟ ዝቅ ብሎ ተገኘ ግን ቶሎ ተደረሰላት።

ከዛ በኋላ ሥራው የእማ ነው። አጎራረሷን አስተካከለችላት፣ ጫፉን ብቻ ሳይሆን ጥቁሩንም ጭምር እንድታጎርሳት፣ ሌሊቱን ጨምሮ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ፎርሙላውም በልኩ ተበጥብጦ፣ በጡጦ ሳይሆን በሲኒ፣ ክብደቷ እየታየ ቀስ በቀስ እንዲቀነስ። ዳይፐሩንም ቁጠሪ አለቻት፣ በቀን 6 እና ከዛ በላይ ከረጠበ እየደረሳት ነው።

አንድም ጊዜ «ለምን ደበቅሽ» አላለቻትም። እኔም ከእሷ የወሰድኩት «ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አፏ ውስጥ ምን ገባ» የሚለውን ጥያቄ ነው፣ አሁን ተማሪዎቹ ሁሉ እንደዛ ነው የሚጠይቁት፣ የሚወጣውን ነገር ብታዩ! አብሽ፣ የላም ወተት፣ ቅቤ፣ አንዷማ ማር።

ልጅቷ ለቀጣዩ ክትባት ስትመጣ ጉንጯ ሞልቷል፣ አያትየው በኩራት ራሳቸው ናቸው ሚዛን ላይ ያስቀመጧት። እናትየውን ግሩፑን ለቀቅሽ ወይ አልኳት። «ኧረ ሲስተር፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ታዲያ ማንን ላውራ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እኛ 11 ሰዓት ላይ ዘግተን ነው የምንሄደው። ቮይሱን ግን ከመተግበርሽ በፊት ይዘሽልን ነይ አልኳት፣ ሁለት ይዛ መጣች፣ አንደኛው እንዲያውም ልክ ነበር።