ኮከቦቼ ለምን ጅራት አወጡ?

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ከተከፈተ ወዲህ የኦሪዮን ኔቡላን (ኦሪዮን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለውን የጋዝና የአቧራ ደመና) በቴሌስኮፕ ፎቶ እያነሳሁ ነው። ኔቡላው ደህና ይወጣል። ኮከቦቹ ግን አስቸገሩ፤ መሃል ላይ ያሉት ሞላላ፣ ዳር ላይ ያሉት ባለጅራት። እንዲህ ያለ ፎቶ ለሰው ስታሳዩ ቶሎ የሚመጣው መልስ «ኮሊሜሽኑን አስተካክል»፣ ማለትም የቴሌስኮፑን መስታወቶች አሰላለፍ አስተካክል ነው። እኔ ግን ካቻቪቴ ከማንሳት በፊት ፎቶውን መመርመር ይሻላል ባይ ነኝ። አንድ ፎቶ ላይ ሁለት ሦስት ችግር ተደራርቦ ሊቀመጥ ይችላል፣ የኔም እንደዛ ነበር።

ዕቃዬ ይሄ ነው፦ መስታወቱ 150 ሚሊሜትር የሆነ ኒውቶኒያን (በመስታወት የሚሠራ ቴሌስኮፕ)፣ የትኩረት ርዝመቱ 750፣ ማለትም ኤፍ 5 (750 ለ150 ሲካፈል)። ካሜራው ካኖን 600ዲ፣ ፒክስሉ 4.3 ማይክሮን። 206 በ4.3 አባዝታችሁ ለ750 ስታካፍሉ አንድ ፒክስል ወደ 1.2 አርክ ሰከንድ ሰማይ ይይዛል (አርክ ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው)። ሰማዩ በሰከንድ 15 አርክ ሰከንድ ስለሚዞር ማውንቱ (ቴሌስኮፑን ተሸክሞ ሰማዩን እየተከተለ የሚያዞረው) ትንሽ ቢሳነፍ እንኳን ወዲያው ፎቶው ላይ ይታያል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ቀላል ነው፣ ገንዘብም አያስወጣም። ያንኑ ቦታ አንዴ በ2 ሰከንድ፣ አንዴ በ60 ሰከንድ አንሱት። በ2 ሰከንዱ መሃል ያሉት ኮከቦች ክብ ሆኑልኝ፣ ዳር ያሉት ግን ጅራታቸውን አልተዉም። እዚህ ላይ ጉዳዩ ለሁለት ተከፈለ፤ የመሃሉ ሞላላነት ከማውንቱ ነው፣ የዳሩ ጅራት ከመስታወቱና ከካሜራው በኩል ነው። በ2 ሰከንድም መሃሉ ካልከበበ ማውንቱን ተዉት፣ ፎከስና ኮሊሜሽን ላይ ሂዱ።

ማውንቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ለየት ይላል። ማውንቱ ሰማዩን በትክክል እንዲከተል ዘንጉ ሰማዩ ወደሚዞርበት ነጥብ መጠቆም አለበት፣ ያ ነጥብ የሚፈለገው ደግሞ አጠገቡ ባለው የሰሜን ኮከብ፣ በፖላሪስ ነው። የምናያቸው መመሪያዎች አብዛኞቹ የተጻፉት ይሄ ኮከብ ሰማይ ላይ ከፍ ብሎ ለሚታያቸው ሰዎች ነው። እኛ ኬክሮስ 9 ላይ ስለሆንን ፖላሪስ ከአድማስ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ያለ ሰው እንጦጦ ይጋርደዋል፣ ሌላው ፎቅ ይጋርደዋል፣ ያልተጋረደበትም በጭስና በመብራት ውስጥ ነው የሚፈልገው። በዚያ ላይ አንዳንድ ማውንቶች እስከ 9 ዲግሪ አይወርዱም። ያኔ በሰሜን በኩል ያለውን የትራይፖድ እግር ማሳጠር ያስፈልጋል፤ ግን የክብደት ማመጣጠኛው ዘንግ እግሩን እንዳይመታ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁት።

ስለዚህ ፖላሪስን ትቼ በድሪፍት፣ ማለትም የኮከብን መንሸራተት እያየሁ ነው የማስተካክለው። እዚህ ግን እድለኞች ነን። ከኦሪዮን ቀበቶ ሦስት ከዋክብት አንዷ ሚንታካ የሰማይ ወገብ ላይ ናት ማለት ይቻላል፣ እኛ ጋ ደግሞ ከአናታችን ብዙም ሳትርቅ ታልፋለች። አናት ላይ ስትደርስ ትይዟትና ዝም ብላችሁ ታያላችሁ። ወደ ደቡብ ከተንሸራተተች የማውንቱ ዘንግ ወደ ምሥራቅ አፈንግጧል፣ ወደ ሰሜን ከሆነ ወደ ምዕራብ። ቀጥሎ ምሥራቅ በኩል ዝቅ ያለ ሌላ ኮከብ ይዞ መድገም ነው፤ ወደ ደቡብ ከሄደ ዘንጉ ዝቅ ብሏል፣ ወደ ሰሜን ከሄደ ከፍ ብሏል። ፎቶው ላይ ሰሜን የቱ ጋ እንደሆነ ግራ ከገባችሁ ቱቦውን በትንሹ ወደ ሰሜን ገፋ አድርጉት፣ አዲስ ኮከብ የሚገባበት ጎን ሰሜን ነው። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አልዋሽም። ሻይ በፔርሙስ ይዛችሁ ውጡ።

ከዚህ በኋላ የሰሜን ደቡብ መንሸራተቱ ጠፋ፣ የምሥራቅ ምዕራቡ ግን አለ። እሱ የጥርሱ ነው። ማውንቱን የሚያዞረው ጥርስ ፍጹም ክብ ስላልሆነ አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይዘገያል፣ በየዙሩም ይደጋግመዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ አንዱ ፎቶ ንጹሕ ይወጣና የሚቀጥለው ይበላሻል። ለጊዜው ኤክስፖዠሩን ወደ 30 ሰከንድ አውርጄ፣ የተበላሹትን ጥዬ፣ የቀሩትን ስታክ አደርጋለሁ (ደራርቤ አንድ ፎቶ አደርጋቸዋለሁ)።

ወደ ጅራቶቹ እንምጣ። ኤፍ 5 ኒውቶኒያን ላይ ዳር ያለ ኮከብ ጅራት ማውጣቱ ኮማ ነው፣ የመስታወቱ ተፈጥሮ ስለሆነ አትደንግጡ። ጥርት ያለው ቦታ መሃል ላይ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ የኔ ካሜራ ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ደግሞ 22 ሚሊሜትር ስፋት አለው። ዋናው ጥያቄ ጅራቶቹ ወዴት ይጠቁማሉ የሚለው ነው። ጤነኛ ከሆነ ከፎቶው መሃል ወደ ውጭ በአራቱም አቅጣጫ እኩል ይዘረጋሉ። የኔ ግን መነሻቸው ወደ ግራ ሸሽቶ ነበር፤ የቀኙ ጥግ ጅራቱ ረጅም፣ የግራው ከነጭራሹ ክብ። ኮሊሜሽን የሚባለው እዚህ ላይ ነው የሚመጣው።

የኮሊሜሽን ሌዘር (መስታወቶቹን ለማሰለፍ የሚረዳ የብርሃን መሣሪያ) ተውሼ ሞከርኩ። ሌዘር የምትጠቀሙ ሰዎች መጀመሪያ ራሱን ሌዘሩን ፈትኑት፦ ፎከሰሩ (ካሜራው የሚገባበትና ፎከስ የሚስተካከልበት ክፍል) ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት፣ ነጥቡ መስታወቱ ላይ ባለበት ከቆመ ደህና ነው፣ ክብ ከሠራ ሌዘሩ ራሱ ጠማማ ነው። የተዋስኩት ክብ ሠራ። መለስኩትና ወደ ኮከብ ሄድኩ፤ ደማቅ ኮከብ መሃል ላይ አድርጌ ፎከሱን ሳበላሸው እንደ ቦምቦሊኖ ይሆናል፣ ቀለበቱ በሁሉም ጎን እኩል እስኪወፍር ከመስታወቱ ጀርባ ያሉትን ሦስት ብሎኖች በሩብ ዙር፣ ከዚያም ባነሰ እያዞሩ ማየት ነው። በየመሃሉ ኮከቡን ወደ መሃል መመለስ አትርሱ። መቆለፊያ ብሎኖቹን ስታጠብቁ መስታወቱ እንደገና ሊንቀሳቀስ ስለሚችል ካጠበቃችሁ በኋላም አንዴ እዩት። ደግሞ ብሎኑን ከመንካታችሁ በፊት ቱቦው ይቀዝቅዝ። ቀን ሲሞቅ ከዋለ ቤት ወጥቶ ወዲያው ከተነሳ ቀለበቱ ይርገበገባል፣ ያኔ ምንም መፍረድ አይቻልም።

አንድ ጓደኛዬ ኮከቦቹ ሦስት ማዕዘን ሆነውበት ነበር። እሱ ሌላ በሽታ ነው፤ መስታወቱን የያዙት ሦስቱ ክሊፖች ከመጠን በላይ ጠብቀው መስታወቱን ጨምድደውታል። ወረቀት በሥራቸው እስኪያልፍ ስናላላቸው ክብ ሆነ።

ኮሊሜሽኑ ሲያልቅ ኮማ ኮሬክተር (ኮማን የሚያርም ሌንስ) አስገባሁ። ኮሬክተሩ ከሴንሰሩ 55 ሚሊሜትር መራቅ አለበት። ካኖኑ ራሱ 44 ይይዛል፣ የቲ ሪንጉ (ካሜራውን ከቴሌስኮፑ የሚያገናኘው ቀለበት) 11 ይጨምራል፣ ልኩ ይገጥማል። አራቱም ጥግ እኩል የሚበላሽባችሁ ከሆነ ይሄን ርቀት ጠርጥሩ፣ በቀጭን ቀለበት ይስተካከላል። ሚሊሜትር ምን ያደርጋል ለሚል ሰው፦ በ1990 የተወነጨፈው የሃብል የጠፈር ቴሌስኮፕ መስታወቱ ጠርዙ ላይ በ2.2 ማይክሮን ተሳስቶ የተሠራው በመለኪያው መሣሪያ ውስጥ አንድ ሌንስ 1.3 ሚሊሜትር ያለቦታው ስለተቀመጠ ነው። የማረሚያ መሣሪያ የተገጠመለት በ1993 ነው።

የኔ ግን አንድ ጥግ ብቻ ነው የቀረው፣ ታች በቀኝ። ካሜራውን ብቻ በ90 ዲግሪ አዙሬ አነሳሁ። ጉድለቱ ፎቶው ላይ ያው ጥግ ላይ ቆየ፣ ስለዚህ ያዘነበለው ካሜራው በኩል ነው። ወደ ሌላ ጥግ ቢሄድ ኖሮ ፎከሰሩን ወይም መስታወቱን እጠረጥር ነበር። የቲ ሪንጉን ብሎኖች ፈትቼ፣ በአንዱ ጎን ቀጭን ቴፕ አድርጌ መልሼ አሰርኩት። በጣም ተሻለው፣ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

ስንቱን በዕቃ እንዳታሳብቡ አንድ ነገር ልጨምር። ኤታ ካሪናን (ደቡብ ሰማይ ላይ ያለች ኮከብ) ከአዲስ አበባ ስታነሱ ቢበዛ 21 ዲግሪ ገደማ ነው ከፍ የምትለው። ያን ያህል ዝቅ ሲባል የኮከቡ አንድ ጠርዝ ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ ይሆናል፤ ያ አየሩ ብርሃኑን ሲበትነው ነው እንጂ ብሎን በማዞር አይስተካከልም።

አሁን የቀረኝ ጋይዲንግ ነው፣ በሌላ ትንሽ ቴሌስኮፕ (ጋይድ ስኮፕ) አንድ ኮከብ እየተከታተሉ ማውንቱን ማረም፤ የጥርሱን ነገር የሚያስተካክልልኝ እሱ ነው። አሮጌ ጋይድ ስኮፕ የሚሸጥ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ኦሪዮን ሳይጠልቅብኝ ልሞክረው።