ሬድሺፍት 13 አገኘሁ ብዬ የጨፈርኩ ቀን

ለማስተርስ ቴሲሴ የጄምስ ዌብ ስፔስ ቴሌስኮፕን ዳታ ልጠቀም ስነሳ የፈራሁት ዳታውን ማን ይሰጠኛል የሚለውን ነበር፣ ለካ ሲርስ (CEERS) የሚባለው በቴሌስኮፑ የተሰራ የሩቅ ጋላክሲዎች ሰርቬይ ከመጀመሪያው ለማንም ክፍት ነው። ጣጣው ማውረዱ ላይ ነው ሃሃ፣ ፋይሎቹ የትየለሌ ጊጋባይት ናቸው፣ ማታ አስጀምሬ እተኛለሁ ጠዋት ስነሳ ግማሽ ላይ ተቋርጦ አገኘዋለሁ።

ስራው ምን መሰላችሁ፣ ዩኒቨርስ እየተለጠጠ ስለሆነ በጣም ሩቅ ካለ ጋላክሲ አልትራቫዮሌት ሆኖ የተነሳው ብርሃን እኛ ጋ ሲደርስ ኢንፍራሬድ ሆኗል። የዚህ መለጠጥ መጠን ነው ሬድሺፍት የሚባለው፣ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ጋላክሲው ሩቅ ነው። በዛ ላይ መሀል ያለው ሃይድሮጅን የሞገድ ርዝመቱ ከ1216 አንግስትሮም በታች ያለውን ይውጠዋል (10,000 አንግስትሮም አንድ ማይክሮን ነው)። ሬድሺፍት 13 ከሆነ 1216ን በ14 (ሬድሺፍቱ ላይ 1 ደምራችሁ) ስታባዙት 1.7 ማይክሮን አካባቢ ይመጣል፣ ስለዚህ 1.5 ማይክሮን አካባቢ ያለውን ብርሃን ብቻ በሚያሳልፈው ፊልተር ድራሹ ጠፍቶ በ2 ማይክሮኑ ብቅ የሚል ነገር ነው የምትፈልጉት።

እኔም አንድ አገኘሁ፣ ጥቂት ፒክስል የምታክል ቀይ ነጥብ። ሬድሺፍቱን የሚገምተው ፕሮግራም ኢዚ ይባላል (ስሙን እንዳታምኑ)፣ 13 ሲለኝ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ብቻዬን ጨፈርኩ።

ጠዋት ለአማካሪዬ ሳሳየው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፣ "ፍለጋውን ከስንት አስጀመርሽው?" ከሬድሺፍት 8 አልኩት፣ ሩቆቹን ብቻ ስለምፈልግ ላፕቶፔን ለምን ላድክም ብዬ ነው። "ታዲያ ሌላ ምርጫ ሳትሰጪው ምን እንዲልሽ ነው?" ብሎ ሳቀ። ከ0 አስጀምሬ ደገምኩት፣ የትኛው ሬድሺፍት ይበልጥ እንደሚገጥም የሚያሳየው ቻርት ላይ ሁለት ጫፍ ወጣ፣ ትልቁ 3.6 ላይ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ፣ ጋላክሲ ውስጥ ያሉ ከዋክብት እድሜያቸው ገፋ ሲል 3646 አንግስትሮም አካባቢ ሌላ መቁረጫ አለ፣ በ4.6 አባዙት፣ ያው 1.7 ማይክሮን! አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ ጭራሽ አይለይም። በርግጥ በዚህ የተሸወድኩት እኔ ብቻ አይደለሁም፣ እዛው ሲርስ ውስጥ ሬድሺፍቱ 16 ገደማ ተብሎ ብዙ የተወራለት ጋላክሲ ስፔክትረም (ብርሃኑ በሞገድ ርዝመት ተበትኖ) ሲወሰድለት 4.9 ሆኖ ቁጭ ብሏል።

ከዛ በኋላ አሰራሬን ቀየርኩ። ፍለጋው ሁሌ ከ0 ነው፣ የአጫጭሮቹን ፊልተሮች ምስል አንድ ላይ ደምሬ አያለሁ፣ ትንሽ እንኳን ብርሃን ካለ ቻው። እያንዳንዱን ኤክስፖዠር (ተደምረው ምስሉን የሚሰሩትን ነጠላ ፎቶዎች) ለየብቻ ከፍቼም አያለሁ ምክንያቱም ኮስሚክ ሬይ (ከህዋ የሚመጣ ፈጣን ቅንጣት) ዲቴክተሩን ሲመታ ስኖውቦል የሚሉትን ክብ ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል፣ አንዷ "ጋላክሲዬ" ከአራት ኤክስፖዠር በአንዱ ብቻ ነበረች፣ ለሷ ግማሽ ገጽ ጽፌላት ነበር።

ከ11 እጩ 2 ተረፉ። ለነሱ ስፔክትረም የሚጠይቅ ማመልከቻ ላይ ነን፣ ቻርቱ ላይ 3.6ቱንም ጫፍ ሳልደብቅ አስገብቼዋለሁ።