እስከ ጣና ዳር የተከተለን ድምፅ

እናቴ ዘጌ ያለችውን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ለመሳለም ካሰበች ብዙ ዓመት ሆኗታል። በዚህ ጥቅምት እንደማደርሳት ቃል ስለገባሁላት ሐሙስ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ በፈረንጆቹ 1990 በተመረተችው ዲኤክስ ኮሮላችን ከአዲስ አበባ ተነሣን። እስከ ባሕር ዳር ያለው መንገድ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም የርቀቱ ነገር አላሳሰበኝም፤ ያሳሰበኝ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ከፊት በኩል የሚሰማው «ጓ» የሚል ድምፅ ነበር። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት አንድ ጋራዥ ወስጄያት «ሸራው አልቋል» ተብዬ የፊቱን የፍሬን ሸራ በሙሉ አስቀይሬ ነበር። ድምፁ ግን እንደነበረው ቀጠለ፤ እኔም አዲሱ ሸራ እስኪለምድ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ስንጀምር ስህተቴ ገባኝ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ በመሆኑ ሞተሩ እንዲይዝልኝ በሁለተኛ ማርሽ ብነዳም፣ በየመታጠፊያው ፍሬን መንካቴ አልቀረም፤ በነካሁ ቁጥርም ያ ድምፅ ከእግሬ ሥር ይመታ ነበር። እናቴ ምንም አልተናገረችም፤ ነገር ግን በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውን የህዳሴ ድልድይ እስክንሻገር ድረስ ቀኝ እጇን ከዳሽቦርዱ ላይ አላነሣችም። ደብረ ማርቆስ አድረን፣ በማግስቱ በቡሬና በዳንግላ በኩል አልፈን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ገባን።

ቅዳሜ ጠዋት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ወደሚገኝ አነስተኛ ጋራዥ ሄድኩ። ባለሙያው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ «ድምፁ መቼ ነው የሚመጣው ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ፍሬን ስይዝ ነው ጋሼ።»

«እሱማ ገባኝ። በያዝክ ቁጥር ነው ወይስ ወደ ኋላ ሄደህ ወደ ፊት ስትነሣ፣ የመጀመሪያው ላይ ብቻ?»

መልስ አልነበረኝም። ድምፁን ለወራት ስሰማው ኖሬ ይህን አለማስተዋሌ ከልብ አሳዘነኝ።

የጥያቄያቸው ምክንያት ይህ ነው፦ የፍሬን ሸራ በመያዣው ውስጥ ክፍተት ካገኘ፣ ፍሬን ሲያዝ ዲስኩ ወደሚዞርበት አቅጣጫ ተገፍቶ ከመያዣው ጠርዝ ጋር ይጋጫል፤ ከዚያ በኋላ ግን እዚያው ስለሚቆይ መኪናው ወደ ኋላ ሄዶ ፍሬን እስካልተያዘ ድረስ ደግሞ አይጮኽም። ጎማውን ከሥር የሚይዘው ብረት፣ ማለትም ብራቾው፣ ላስቲኩ ተበልቶ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ፍሬን ሲያዝ ጎማው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ነዳጅ ሲሰጥ ወደ ፊት ይመለሳል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ፍሬን ይመታል።

ይሁንና ወደ ሙከራ ከመውጣታችን በፊት ለሕይወት የሚያሰጉትን ነገሮች አስቀደሙ። የአራቱንም ጎማ ዳዶዎች በቁልፍ ሞከሩ፤ ፊቱን በክሪክ አንሥተው ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫኑትን የካሊፐሮቹን ብሎኖች አዩ፤ ከዚያም ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው እየነቀነቁ ብራቾውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን መገጣጠሚያ፣ ቦል ጆይንቱን ፈተሹ። ቦል ጆይንት ቢለቅ ጎማው ተገንጥሎ እንደሚተኛ ሲነግሩኝ በረሃው ትዝ አለኝ። የመጀመሪያው ጋራዥ ሸራ ከመሸጡ በፊት ይህን የአሥር ደቂቃ ፍተሻ ማድረግ ነበረበት ብዬ አምናለሁ።

ዘንባባ በተተከለበት፣ ወደ ሐይቁ በሚወስደው ጸጥ ያለ መንገድ ላይ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ቀስ ብዬ ነዳሁ። ወደ ኋላ ሳልመለስ ሦስት ጊዜ ፍሬን ያዝኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ጮኸ። ቀጥሎ የእግር ፍሬኑን ሳልነካ በእጅ ፍሬን ብቻ እንዳቆማት አዘዙኝ። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው፤ መኪናዋም ያለ አንዳች ድምፅ ቆመች። በዚህም ችግሩ ከፊት መሆኑ ተረጋገጠ። መሪው ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ ይስብ እንደሆነም ጠየቁኝ፤ በእርግጥ ይስብ ነበር፣ እኔ ግን የመንገዱ ዘንበል ማለት ይመስለኝ ነበር።

ጋራዥ ስንመለስ ረዳታቸው መሪውን ያዘ፤ እኔን ደግሞ ከግራው የፊት ጎማ አጠገብ አንበረከኩኝ። ረዳቱ ትንሽ ተንቀሳቅሶ ፍሬን ሲይዝ ጎማው በፓራፋንጎው ሥር አንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ ሲሄድ በዓይኔ አየሁ። ከዚያም በረጅም ብረት ብራቾውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፉት ያው «ጓ» በእጃቸው ሥር ተሰማ። የብራቾው የኋለኛው ላስቲክ ተሰንጥቆ ከመሐሉ የብረት ቀለበት ሙሉ በሙሉ ተላቋል፤ ዙሪያው በአቧራና በዘይት ጠቁሮ ሳለ፣ ብረት ከብረት ጋር ሲፋተግ የኖረበት ቦታ ብቻ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራ ነበር።

ላስቲኩ ከከተማው ተገኘ፤ በሁለቱም በኩል ተቀየረ። ብራቾው ሲገጠም ያደረጉትን ግን የዚህ ዓይነት መኪና ያለው ሁሉ ቢያውቀው እወዳለሁ፦ ብሎኖቹን መኪናዋ በክሪክ ላይ ሳለች አላጠበቋቸውም። ወደ መሬት አውርደው፣ ክብደቷ በጎማዎቿ ላይ ካረፈ በኋላ ነው ያጠበቋቸው፤ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ቢጠብቅ ላስቲኩ ገና ከመጀመሪያው ተጠማዝዞ ስለሚቀር ቶሎ ይቀደዳል። ቀጥሎ የጎማ አላይመንት አስተካከልን።

ወደ ማታ እናቴን ይዤ፣ ግንቦት 2016 የተመረቀውን 380 ሜትር የሚረዝም አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሬ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወጣሁ። ስንወርድ ሆን ብዬ ደጋግሜ ፍሬን ያዝኩ። የሚሰማው የጎማው ድምፅ ብቻ ነበር፤ መሪውም ቀጥ ብሎ ቆመ።

እሑድ በጀልባ ዘጌ ተሻግረን ተሳልመን ተመለስን። ሰኞ ጠዋት፣ ከመነሣታችን በፊት፣ ባለሙያው በነገሩኝ መሠረት ብሎኖቹን እንደገና እንዲያዩልኝ ጋራዡ ደረስኩ። አንዱም አልላላም። እናቴ ከገዳሙ ካመጣችው ጸበል በትንሽ ጠርሙስ ቀንሳ ሰጠቻቸው፤ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው በሁለት እጃቸው ተቀበሏት።