ሰርዶው አልሞተም ነበር

ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የኳስ ሜዳ በእኔ እጅ ነው። ሣሩ ሰርዶ ነው። ሰርዶን አትናቁት፤ በሞቃት አገር ያሉ ብዙ የጎልፍ ሜዳዎች የለበሱት የእሱኑ ዘር ነው።

መከራው የሚጀምረው የበልጉ ዝናብ ሲያቆም ነው። ግንቦትና ሰኔ እዚህ ያቃጥላል። የደሴ ሰው ምክር ሲሰጣችሁ እንዳለ አትውሰዱት። ደሴ የሐረጎን ዳገት አልፎ ከኛ 600 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ሣሩም እንደኛው አይጠማም።

አረም መንቀል፣ የጠጠረውን መሬት በመንሽ መውጋት፣ አሸዋ መበተን፤ ይኼን ማንም ይሠራዋል።

እኔን ያቃጠለኝ አጨዳው ነው። ዓምና ግንቦት ላይ እንግዳ ይመጣል ተባለ። አንድ ኃላፊ መጡና «እንደ ጎልፍ ሜዳ ተላጭቶ ይጠብቀን» አሉ። ጋሼ፣ በዚህ ፀሐይ አይሆንም አልኳቸው። የጎልፉ ሣር ጉድጓዱ አካባቢ እስከ 3 ሚሊሜትር ድረስ የሚወርደው በልዩ ማሽን፣ ከሥሩ አሸዋ ተደልድሎለት፣ ውሃ ሳይጓደልበት ነው። የኛ ውሃ በፈረቃ ነው። ሣር በአንዴ ከቁመቱ ሲሶ በላይ ከተቆረጠ ሥሩ ይዳከማል፣ አፈሩም ለፀሐይ ይጋለጣል። ሁሉንም ነገርኳቸው። «አንተ ነገር ታበዛለህ» አሉኝ። በማግሥቱ በሌላ ሰው አሳጨዱት። ይባስ ብለው ቶሎ ይለምልም በሚል ዩሪያ አስበተኑበት። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ በደረቅ መሬት ላይ ሣሩን ይፈጀዋል።

እንግዶቹ ሲደርሱ ሜዳው ገለባ መስሎ ነበር። የተጠየቅሁት ደግሞ እኔ ነኝ! ስለ ዩሪያው ትንፍሽ ያለ የለም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቀጥሎ «ሞቷል፣ ተገልብጦ አዲስ ይተከል» መጣ። እዚህ ላይ ግን ንቅንቅ አላልኩም። ሰርዶ ስለደረቀ ሞተ ማለት አይደለም። መሬት ውስጥ የተጋደመውን ሥር ቆፍሬ አወጣሁና በጥፍሬ ፋቅሁት። ውስጡ ነጭ ነው፣ ጠንካራ፣ እርጥበት ያለው። ለኃላፊው አሳየኋቸው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲመታው ከዚያው ሥር አቆጠቆጠ። ለአዲስ ሣር አምስት ሳንቲም አልወጣም።

አሁን የምሠራው በራሴ መንገድ ነው። ከሚያዝያ ማለቂያ ጀምሮ ማጨጃውን 5 ሴንቲሜትር ላይ አደርጋለሁ። የተሰጠን መመሪያ «በየቀኑ ማታ ይጠጣ» ይላል፤ እኔ አልቀበለውም። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚጠጣ ሣር ሥሩ ላይ ላዩን ይቀራል። ማታ የረጠበ ቅጠል ደግሞ ሳይደርቅ ያድርና በሽታ ይጠራል። በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ጎህ ሲቀድ አጥግቡት። በሳምንት 25 ሚሊሜትር ይበቃዋል፤ ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ሜዳው ላይ አስቀምጣችሁ ለኩት። ይህ በካሬ ሜትር 25 ሊትር ነው፤ ለ1,000 ካሬ 25,000 ሊትር ይፈልጋል። ሮቶው ካልቻለ ብዙ የሚረገጠውን የጎሉን አፍ ብቻ አጠጡ። ሌላው ቢገረጣ ይገርጣ፣ አብሽሩ። መጠማቱን ለማወቅ ረግጣችሁት እለፉ። ዱካችሁ ሳይነሣ ከቆየ፣ ቀለሙም ወደ አመድማ ካደላ ጠምቶታል። ካጠጣችሁ በኋላ ካቻቢቴ ውጉበት፤ በቀላሉ ካልገባ ውሃው አልወረደም።

አለቃ «ይላጭ» ካለ በጽሑፍ ጠይቁ። ዘንድሮም እንግዳ አለ ተብሎ ነበር፤ ደብዳቤ ይጻፉልኝ አልኩ። እስካሁን የጻፈ የለም፤ ማጨጃውም 5 ላይ ነው።