የ2018 የወፍ ዕቅዴ፦ ከጉጉፍቱ እስከ ጨፋ

የወፍ ዓመቴን፣ ማለትም ያየሁትን የወፍ ዓይነት የምመዘግብበትን ዓመት፣ የምጀምረው በመስከረም ነው። ፈረንጆቹ ከጃንዋሪ ጀምረው ይቆጥራሉ፤ ለእኛ ግን አይመችም። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ወፎች በብዛት የሚገቡት በመስከረምና በጥቅምት፣ የሚመለሱት ደግሞ በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። በጃንዋሪ ብጀምር አንዱን ወቅት ለሁለት ቆርጬ ግማሽ ግማሹን መያዜ ነው። በእኛ አቆጣጠር ግን ወቅቱ እንዳለ አንድ ዓመት ውስጥ ይገባል።

በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል። እኔ ደሴ ፒያሳ ሞባይል ጠጋኝ ነኝ፤ ነፃ የምሆነው እሑድ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥር ማሳደዱን ትቼ ዕቅዴን በከፍታና በወር አወጣሁት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሐረጎ ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ከፍታው ከ1,900 በታች ነው፤ ወደ ጨፋ ሲቀጥሉ ደግሞ ጭራሽ ቆላ ይሆናል። ሹራብ ለብሶ ተነስቶ በሸሚዝ የሚደረስበት መንገድ ነው፤ ወፉም አብሮ ይለወጣል።

መጀመሪያ የምወርደው ቆላ ነው፤ ምክንያቱም የመስቀል ወፍ አትጠብቅም። ብዙ ሰው ከመስቀል በኋላ የሆነ አገር የምትሄድ ይመስለዋል። እንደ እውነቱ ከሆነ የትም አትሄድም። በዚህ ስም ከሚጠሩት አንዱ፣ ቀይ መንቁርና ከራሱ ቁመት የሚበልጥ ጥቁር ጅራት ያለው ትንሽ ወፍ፣ ያንን ጅራት የሚያበቅለው ለመራቢያው ወቅት ብቻ ነው። ጊዜው ሲያልፍ ላባውን ያራግፍና ቡናማ ሆኖ ከድንቢጦቹ ጋር ይቀላቀላል። ያኔ በአጠገቤ ቢያልፍም የምለየው አይመስለኝም። ጎጆ እንኳ አይሠራም፤ እንስቷ እንቁላሏን ሌላ ትንሽ ወፍ ጎጆ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች። ቀይና ጥቁር የሚለብሰውም የሣር ውስጥ ወፍ ጊዜው ሲያልፍ እንደዚሁ ቡናማ ይሆናል፤ እስከ ጥቅምት ካላገኘሁት ለከርሞ ነው።

ከዚያ ማሽላው ሲያሽት ግሪሳ። ገበሬው ሰምቶ እንዳይታዘበኝ እንጂ እሱም ዝርዝሬ ውስጥ አለ! ለግሪሳ የምጠይቀው ማማ ላይ ወንጭፍ ይዘው ማሳ የሚጠብቁትን ልጆች ነው፤ የትኛው መንጋ በስንት ሰዓት ከየት እንደሚመጣ ከነሱ የሚያውቅ የለም። አንድ ምክር፦ ባይኖኩላር ይዞ የሚዞር ሰው በእኛ አካባቢ ጥያቄ ያስነሳል። እኔ መጀመሪያ ሰላም ብዬ፣ ባይኖኩላሩን ለአባወራው ሰጥቼ፣ የራሱን በሬ በቅርብ ካየ በኋላ ነው ወደ ወፌ የምዞረው።

ከኅዳር እስከ ጥር ሽመላ ጨፋ ረግረግ ላይ፣ ዓሣ በሉ ንስር ደግሞ ሐይቅ ላይ። ስለነዚህ ብዙ አልጨነቅም፤ ትልልቅ ናቸው፣ ራሳቸው ይታያሉ።

የሚያስጨንቀኝ ደጋው ነው። ጉጉፍቱ የምወጣው በየካቲት ነው፤ የምፈልገው ከእኛ ደጋ በስተቀር የትም የማይገኘውን ሰማያዊ ክንፉን ዝይ። ሲራመድ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ጀርባው ላይ ያስተኛዋል፤ ክንፉን ባይዘረጋ እንኳ በዚያ ይለያል። አጥንት ሰባሪው አሞራ ግን የጦሳ ገደል ላይ ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀው ነው። ሌሎቹ አሞሮች ሥጋውን ጨርሰው ከሄዱ በኋላ ይመጣና አጥንቱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ድንጋይ ላይ ይለቀዋል። ካልተሰበረ እንደገና። ከዚያ ስብርባሪውን እንዳለ ይውጠዋል። ደረቱ ላይ ያለው የዝገት ቀለም የላባው አይደለም፤ ብረት ያለበት ቀይ አፈር ላይ እየተሻሸ የሚቀባው ነው።

እማዬ ይህን ሁሉ ስነግራት፣ «እዚህ ጣሪያችን ላይ ሲጮሁ እየዋሉ አንተ ገንዘብ ከፍለህ ወፍ ፍለጋ ጉጉፍቱ ትሄዳለህ? ጉድ እኮ ነው!» አለች። ጣሪያችን ላይ የሚጮኸው ጋጋኖ ነው፤ እሱም የእኛና የኤርትራ ብቻ ስለሆነ ልከራከራት አልቻልኩም። መስከረም 1 ጠዋት በእሷ ስም አንደኛ ሆኖ ይመዘገባል።

የተውኩትም አለ። በፈረንጆቹ 1976 አንኮበር ላይ የተገኘችውን ያቺን ትንሽ ቡናማ ወፍ ባያት ደስ ባለኝ፤ ግን በአንድ እሑድ ደርሶ መልስ አይሆንም። ሱቅ ዘግቼ ደግሞ ማን ያበላኛል?

የመጀመሪያው እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከመናኸሪያ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። አብሮኝ የሚመጣ ካለ ባይኖኩላሩ አንድ ነው፤ እየተቀባበልን እናያለን። ቁርስ በየግላችን።