ዋሱ ማን ነው?

ከቀትር ጀምሮ ዝናቡ አላባራም። መብራትም የለም። ከአዘዞ በስብሼ ገባሁ፤ ሆዴን ባር ባር ይለኛል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ትናንት ማታ ታላቄ በስልክ «አንዴ ሕዝበ ውሳኔ ይደረግና ይለይለት» ያለኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። አማራና ትግራይ ስለሚወዛገቡበት ስለ ወልቃይት ነው።

ሕዝቡ ራሱ ይወስን ሲባል ማን ይጠላል? በሐምሌ 2008 እዚህ ጎንደር አደባባዩን የሞላው ሰው ሰሚ አጥቶ ነው የወጣው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 48 ክልሎች በወሰን ካልተስማሙ የሕዝብ አሰፋፈርና ፍላጎት ይታያል ይላል። የትግራዩን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነትም ጉዳዩን ወደዚያው ወደ ሕገ መንግሥቱ ነው የመራው።

ግን እኛ ሕዝበ ውሳኔን በወሬ አይደለም የምናውቀው። መስከረም 7 ቀን 2010 በቅማንት ሕዝብ የራስ አስተዳደር ጉዳይ በጎንደር አካባቢ ባሉ 8 ቀበሌዎች ድምፅ ተሰጠ። ሰባቱ በነበሩበት ቀጠሉ፤ አንዱ ወደ ቅማንት አስተዳደር ለመሄድ መረጠ። ተቆጠረ፣ ተነገረ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ስንት ሰው ሞተ? ስንት ቤት ተቃጠለ? የተጋቡ፣ አበ ልጅ የሆኑ፣ በአንድ ገበያ የሚውሉ ሰዎች ናቸው እኮ! ድምፁ የቀበሌውን አስተዳደር ለየ እንጂ የሰውን ልብ አላስታረቀም።

ሲዳማን ሳስብ ደግሞ ሌላ ነው። ኅዳር 2012 ላይ ከመቶ 98 በላይ ድምፅ ሰጪ ክልል እንሁን አለ፤ ሆነም። እዚያ ቀድሞ በሐምሌ 2011 ደም የፈሰሰው ድምፁ በመዘግየቱ ነበር። ስለዚህ አይደረግ ማለትም መፍትሔ አይደለም፤ ይህን ለታላቄ አምናለሁ። ግን ሲዳማ አብዛኛው ሰው ቀድሞ በአንድ ሐሳብ ነበር። ሕዝብ ለሁለት በተከፈለበት ቦታስ? እንግሊዞች ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት በፈረንጆች 2016 ድምፅ ሰጡ። 52 ለ48 ሆነ። ዓመታት በጭቅጭቅ አለቁ። እነሱ እንኳ ጠመንጃ ሳይዙ።

የእኛ ከሁሉም የሚከብደው መራጩ ማን ነው የሚለው ነው። ከ1983 በኋላ ተገፍቼ ወጣሁ የሚል ሰው እዚሁ ጎንደር፣ ጎረቤቴ ነው። በ2013 ጦርነት ተፈናቅሎ ሽሬ መጠለያ የገባ፣ ሱዳን የተሻገረም አለ። መዝገቡ የሚከፈተው የትኛውን ዓመት ይዞ ነው? እዚህ ላይ የሚወሰነው ውጤቱን ይወስነዋል። ካርዱ ገና ሳይታተም!

እኔ ድምፅ መስጠት መጨረሻ ላይ ይምጣ ባይ ነኝ። መጀመሪያ የወጣው ሁሉ በሰላም ይመለስ። ሽማግሌዎች ይቀመጡ፤ የሞተባቸው ይናገሩ፣ ይሰሙ። ከዚያም በድምፅ የሚያንሰው ወገን መሬቱ፣ ልጁ የሚማርበት ቋንቋ፣ ነፍሱ ምን ይሆናል የሚለው ቀድሞ በጽሑፍ ይታሰር። ሰው በማግስቱ ከእርሻው እንደማይነቀል ካወቀ ቢሸነፍም ይችለዋል። ካላወቀ ግን ድምፅ መስጫው ቀን ለእሱ የፍርድ ቀን ነው።

እዚህ ድረስ ይገባኛል። ከዚህ በኋላ ያለው ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ያንን ጽሑፍ ማን ያስከብረዋል? ፌዴራሉን አንዱ ወገን አያምነውም፣ ክልሎቹን ሌላው አያምናቸውም። ሁለቱም ወገን እሺ የሚለው ዋስ ከየት ይመጣል?