ስፓኒሽን በአማርኛ በኩል መማር

በዋሽንግተን አካባቢ ባሉ ምግብ ቤቶች ኢትዮጵያውያንና ኤልሳልቫዶራውያን በአንድ ኩሽና መሥራታቸው የተለመደ ነው፤ እኔም ስፓኒሽ የለመድኩት እዚያ ነው። ሰዋስዉን መጀመሪያ ያጠናሁት በእንግሊዝኛ ከተጻፉ መጻሕፍት ሲሆን፣ ነገሩ የቀለለልኝ ግን የምሰማቸውን ዓረፍተ ነገሮች በቀጥታ ከአማርኛ ጋር ማስተያየት ስጀምር ነው።

«ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ማለት «ራሴን ያመኛል» ነው። በሁለቱም ቋንቋዎች ታማሚው የግሡ ባለቤት ሳይሆን ተሳቢ ነው፤ «ሜ ጉስታ»ም እንደ «ደስ ይለኛል» ነው። «ሌ ዲ ኤል ሊብሮ አ ማሪያ» በሚለው ውስጥ ማሪያ በስሟ ተጠርታ ሳለ «ሌ» («ለእሷ») መጨመሩ መጻሕፍቱን ብዙ ያስለፋቸዋል፤ እኛ ግን «መጽሐፉን ለማሪያ ሰጠኋት» ስንል ያንኑ እናደርጋለን።

ከሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝ ሁለቱም «መሆን» ማለት የሆኑትን «ሴር»ንና «ኤስታር»ን የለየሁበት መንገድ ነው። መጻሕፍቱ ቋሚ ለሆነው «ሴር»፣ ለጊዜያዊው «ኤስታር» ይላሉ፤ ይሁን እንጂ ከሞት የበለጠ ቋሚ ነገር ሳይኖር «ኤስታ ሙዌርቶ» የሚባለው በ«ኤስታር» ነው። በአማርኛ «ሞቷል» እንደምንል ሳስተውል ጉዳዩ ግልጽ ሆነልኝ፦ ሾርባው ቀዝቅዟል፣ በሩ ተዘግቷል፣ ደክሞኛል የምንላቸው፣ ከአንድ ለውጥ በኋላ የተገኘ ሁኔታን የሚያመለክቱ አባባሎች፣ በአብዛኛው «ኤስታር»ን ይወስዳሉ። ቦታ ሲጠየቅ ግን አማርኛው «የት ነው» ቢልም ስፓኒሹ «ዶንዴ ኤስታ» ስለሚል፣ ይህን ለብቻው መያዝ ያስፈልጋል።

«ኮሚያ» እና «ኮሚ» «እበላ ነበር» እና «በላሁ» ስለሆኑ ጊዜ አላጠፋሁባቸውም። ብዙዎችን የሚያስፈራው «ኪየሮ ኬ ቤንጋ»ም ቢሆን «እንዲመጣ እፈልጋለሁ» ነው፤ «ይመጣል» ከ«እንድ» ጋር ሲሆን መጨረሻውን እንደሚጥል ሁሉ፣ «ቢየኔ»ም ወደ «ቤንጋ» ይለወጣል።

አማርኛ የማይረዳበት ቦታም አለ። የእኛ ግሥ አንድ የተሳቢ ቅጥያ ብቻ ሲሸከም፣ «ፓሳሜሎ» («አቀብለኝ») ግን «ለእኔ» እና «እሱን» የሚሉትን ሁለቱንም ያስከትላል። የስሞች ጾታም ያለ ልምምድ አይያዝም፤ እንደ «ላ ማኖ» (እጅ፣ አንስታይ) እና «ኤል ዲያ» (ቀን፣ ተባዕታይ) ያሉት መጨረሻቸው ስለሚያሳስት፣ እያንዳንዱን ስም ከነመስተአምሩ፣ ማለትም ከ«ኤል» ወይም ከ«ላ» ጋር፣ ማጥናት ግድ ነው።

በኩሽናው የምሰማው ንግግር ደግሞ ለ«አንተ» ወይም «አንቺ» መጻሕፍቱ ከሚያስተምሩት «ቱ» ይልቅ «ቦስ» ስለነበር፣ «ኪየሬስ» («ትፈልጋለህ») ያልኩትን «ኬሬስ»፣ «ቲየኔስ» («አለህ») ያልኩትን «ቴኔስ» ማለት ለመድኩ። ለታላላቆች የሚባለው «ኡስቴድ» ግን አላስቸገረኝም፤ «እርስዎ ይመጣሉ» እና «እሳቸው ይመጣሉ» በግሥ እንደማይለያዩ ሁሉ፣ «ኡስቴድ»ም የሚወስደው የሩቁን ሰው ግሥ ነው።